ለመኖሪያ ጀልባ የመድን ሽፋን ማግኘት፤ ባለንብረቱና ፈቃድ ሰጪው ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ቆሰበር፦ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ከሆነችው ከቆሰበር፣ በሌላ ስሟ ከእንጅባራ፣ እስከ ባሕር ዳር ያለው ርቀት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማዋ በአቅራቢያዋ የዘንገና ሐይቅን፣ በጥቂት ሰዓታት ጉዞ ደግሞ ጣናን የምታገኝ በመሆኗ የውኃ ላይ ቱሪዝም ጉዳይ ለአካባቢው የሥራ ኃላፊዎችና ባለሀብቶች ሩቅ አይደለም።

በሐይቅ ላይ የሚንሳፈፍ፣ መኝታ፣ ማብሰያና መጸዳጃ ያለው የመኖሪያ ጀልባ ለማሠራት የሚያስብ ማኅበር ወይም ግለሰብ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ግንባታው ወጪ፣ ስለ ሞተሩና ስለ ማሰሪያ ቦታው ነው። መድን ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ ይታሰባል። ይሁንና ጀልባ ቢሰጥም የሚጠፋው ጀልባው ብቻ አይደለም። ተሳፋሪ ቢሞት ወይም አካሉ ቢጎድል የካሣው ጥያቄ የሚቀርበው ለባለንብረቱ ነው። ባለንብረቱ የሠራተኞች ማኅበር ከሆነ ደግሞ ዕዳው የሚያርፈው የአባላቱ የዓመታት ቁጠባ ላይ ይሆናል።

ለመኖሪያ ጀልባ ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ የመድን ውል በአገራችን የተለመደ አይደለም። ይህ ማለት ግን ሽፋን አይገኝም ማለት አይደለም። ሽፋኑ የሚገኘው የጀልባውን ማንነት፣ አገልግሎቱንና ይዞታውን በሰነድ አስደግፎ ለሚያቀርብ ጠያቂ ነው።

ቤት ነው ወይስ ጀልባ?

ቀዳሚው ችግር የምደባ ጉዳይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1130 የማይንቀሳቀሱ ንብረቶች የሚላቸው መሬትንና ሕንጻዎችን ነው። ተንሳፋፊው ቤት ግድግዳና ጣራ ቢኖረውም በውኃ ላይ የሚንቀሳቀስ ንብረት በመሆኑ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው የእሳትና የስርቆት መድን በቀጥታ አይመለከተውም። የቤት መድን የሚጻፈው በአንድ ቋሚ አድራሻ ላይ ላለ ሕንጻ ነው። የመስጠም፣ የመጋጨትና ከማሰሪያ የመላቀቅ ሥጋቶችም በውስጡ አይገኙም።

በሌላ በኩል ለተራ ማመላለሻ ጀልባ የሚሰጥ ሽፋን ሰው በጀልባው ላይ እንደሚያድር፣ በጋዝ እንደሚያበስልና የቤት ዕቃ እንደሚያከማች ታሳቢ ላያደርግ ይችላል። በመሆኑም ባለንብረቱ «የጀልባ መድን አለኝ» ብሎ ቢቀመጥ፣ እሳቱ ከማብሰያው የተነሣ እንደሆነ ካሣው አከራካሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በማመልከቻው ላይ ጀልባው የሚንቀሳቀስ ወይም በአንድ ቦታ የሚታሰር መሆኑ፣ የግል መኖሪያ ወይም ለእንግዶች የሚከራይ መሆኑ፣ ሌሊት የሚያድሩት ሰዎች ብዛትም በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል።

የሕጉ መሠረት

የመድን ውልን የሚገዛው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ሦስተኛ መጽሐፍ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የተካው አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና አምስተኛውን መጽሐፍ በመሆኑ የመድን ድንጋጌዎቹ ባሉበት ጸንተዋል። በዚያው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የባሕር ሕግ በዋናነት የሚመለከተው በባሕር ላይ የሚጓዙ መርከቦችን ነው። የሐይቅ ጀልባ ባለንብረት እንግዲህ መብቱንና ግዴታውን በቅድሚያ መፈለግ ያለበት በንግድ ሕጉና በራሱ የመድን ውል ውስጥ ነው።

ከንግድ ሕጉ ድንጋጌዎች አራቱ ለጀልባ ባለንብረት የቅርብ ጠቀሜታ አላቸው። በአንቀጽ 667 መሠረት መድን ገቢው ስለ ሥጋቱ የሚያውቀውን በትክክል የመግለጽ ግዴታ አለበት። በአንቀጽ 668 ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም በሐሰት የተነገረ ነገር ውሉን ዋጋ ያሳጣዋል። አንቀጽ 678 ካሣ ከንብረቱ ዋጋ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አንቀጽ 674 ደግሞ ከመድን ውል የሚመነጭ ክስ የሚቀርብበትን ጊዜ በሁለት ዓመት ይወስነዋል።

ለተሽከርካሪዎች የሦስተኛ ወገን መድንን በመጀመሪያ አዋጅ ቁጥር 559/2000፣ ቀጥሎም አዋጅ ቁጥር 799/2005 አስገዳጅ አድርገዋል። አዋጆቹ የወጡት ለመንገድ ተሽከርካሪዎች በመሆኑ ሐይቅ ላይ የሚጓዝን ተሳፋሪ አይከልሉም። ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ሕግ ያቆመለት ጥበቃ ለጀልባ ተሳፋሪ የሚገኘው ባለንብረቱ በፈቃዱ ሲገዛው ወይም ፈቃድ ሰጪው አካል በቅድመ ሁኔታነት ሲጠይቀው ነው።

የጣና ሥጋቶች

መድን ሰጪ ዋጋ የሚተምነው በሥጋቱ መጠን ነው። ጣና ስፋቱ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነፋስ ሲነሣበት ማዕበሉ በአጭር ጊዜ ይበረታል።

የውኃው ከፍታም ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል። ክረምቱ ሲያበቃ ይሞላል፤ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት ይጎድላል። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ከ1 ሺህ 785 ሜትር በታች በመውረዱ የመርከብ ጉዞ ለወራት ተቋርጦ ነበር። በአንድ ቦታ ለሚታሰር የመኖሪያ ጀልባ ይህ ሁኔታ ሁለት ነገር ያስከትላል። አንደኛው ጀልባው ከድንጋያማ ወለል ጋር ተጋጭቶ መሰንጠቁ ነው፤ ሁለተኛው አገልግሎት በመቋረጡ የሚታጣው ገቢ ነው። የመጀመሪያው በጀልባው አካል ሽፋን ሊካተት ይችላል። ሁለተኛው ግን በውሉ ላይ ተለይቶ ካልተጻፈ በስተቀር አይካስም።

በሐይቁ ላይ የተስፋፋው የእንቦጭ አረምም በሞተር መዘውር ላይ እየተጠመጠመ ጀልባን መሐል ውኃ ላይ ሊያቆም ይችላል። ስለሆነም የሞተር ብልሽት ከምን ምክንያት ሲደርስ እንደሚካስ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ሽፋኑ ምን ምን ይይዛል?

የተሟላ የመኖሪያ ጀልባ ሽፋን በተለያዩ ክፍሎች ይዋቀራል። የመጀመሪያው የጀልባው አካልና ሞተር ነው። ሁለተኛው በውስጡ ያለው የቤት ዕቃ ሲሆን ሦስተኛው በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት ያለው ኃላፊነት ነው። አራተኛው የተሳፋሪዎችና የአዳሪ እንግዶች ሽፋን ነው። አምስተኛው የሠራተኞች ጉዳት ሲሆን፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ የሚሆንበት ነው። ስድስተኛውና ብዙዎች የሚዘነጉት የሰጠመውን ጀልባ የማንሣት ወጪ ነው። ነዳጅና ዘይት የያዘ ስባሪ ሐይቅ ውስጥ እንዲቀር አይፈቀድምና ይህ ወጪ ከባድ ሊሆን ይችላል።

በየብስ የሚደረግ ጉዞም የራሱ ሽፋን ያስፈልገዋል። በ2017 ዓ.ም. «ጣናነሽ 2» የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ ወደብ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና በየብስ ወደ ጣና ጉዞ መጀመሯ ይታወሳል። እንዲህ ባለ ጉዞ ላይ ያለ መርከብ ወይም ጀልባ ለመድን ሰጪ እንደ ተጓዥ ጭነት ይቆጠራል። በሌላ ከተማ የተሠራ ጀልባ በቆሰበር በኩል ወደ ሐይቁ ቢጫን፣ የውኃ ላይ ሽፋኑ በመንገድ ላይ ለሚደርስ መገልበጥ አይደርስለትም።

አረቦንን ለመቀነስ ሲባል የንብረቱን ዋጋ አሳንሶ ማስመዝገብም ጉዳት አለው። ለምሳሌ 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ጀልባ በ2 ሚሊዮን ብር መድን ተገብቶለት 800 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ በውሉ የተመጣጣኝነት ደንብ መሠረት የሚከፈለው ግማሹ፣ ማለትም 400 ሺህ ብር ይሆናል። ከዚህም ላይ መድን ገቢው ራሱ የሚሸከመው ተቀናሽ ይነሣል።

መድን ሰጪው ዘንድ ሲቀርቡ

በአገሪቱ የመድን ሥራ በ1967 ዓ.ም. 13 ኩባንያዎች ከተወረሱ በኋላ፣ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቻ ሲካሄድ ቆይቷል። አዋጅ ቁጥር 86/1986 ለግል ኩባንያዎች በሩን ከከፈተ ወዲህ የመድን ሰጪዎች ቁጥር ከአሥራ አምስት በላይ ደርሷል። ሥራው የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 746/2004 እና በማሻሻያው በአዋጅ ቁጥር 1163/2011 ነው። ስለሆነም አንዱ መድን ሰጪ እምቢ ቢል ሌሎቹን መጠየቅ ይቻላል። ፈቃድ ያለው የመድን ደላላ አንድን ጥያቄ ለብዙ ኩባንያዎች በአንድ ጊዜ ማቅረብ ስለሚችል ባልተለመደ ንብረት ላይ ጠቀሜታው ይጎላል።

መድን ሰጪው የማያውቀውን ሥጋት ብቻውን መሸከም ስለማይፈልግ ከፊሉን ለጠለፋ መድን ሰጪ ያስተላልፋል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ጠለፋ መድን ይህን አገልግሎት በአገር ውስጥ ይሰጣል። ይህ ሂደት ጊዜ የሚወስድ በመሆኑ የመድን ጥያቄው ጀልባው ውኃ ከመንካቱ ከወራት በፊት መቅረብ አለበት።

ከማመልከቻው ጋር የሚያያዙት ሰነዶች የባለቤትነት ማስረጃ፣ የግንባታ ንድፍና ወጪ፣ የምዝገባና የደኅንነት ምርመራ ወረቀት፣ የአሽከርካሪው የብቃት ማረጋገጫ፣ የማሰሪያ ቦታው ፈቃድ እንዲሁም ፎቶግራፎች ናቸው። የእሳት ማጥፊያና የሕይወት አድን ጃኬት ብዛት፣ የጋዝና የኤሌክትሪክ ዝርጋታው ሁኔታም አብሮ ቢገለጽ ድርድሩን ያቀላል። አደጋ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ሳይዘገዩ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ማሳወቅና ለፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

በእንግሊዝ ወንዞችና ቦዮች ላይ ጀልባ የሚያኖር ሰው ፈቃድ ለማግኘት የሦስተኛ ወገን መድንና በየአራት ዓመቱ የሚታደስ የደኅንነት ምስክር ወረቀት እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው የአገር ውስጥ ጀልባዎች ሕግ ምዝገባን፣ ምርመራንና መድንን በአንድ ላይ አስተሳስራለች።

በታንዛኒያ እ.ኤ.አ. መስከረም 2018 በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የተገለበጠችው «ኔሬሬ» ጀልባ የመያዝ አቅሟ 101 ሰው ሆኖ ሳለ ከ220 በላይ ሰዎች ሕይወት አልፏል። ከአቅም በላይ መጫን በመድን ውሎች ካሣ ከሚያስከለክሉ ምክንያቶች አንዱ ነው። ስለዚህ መድን የገዛ ባለንብረት በአንድ ቀን ትርፍ ጭነት የከፈለውን ሁሉ ሊያጣ ይችላል።

በካይሮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 በናይል ዳርቻ ለዘመናት የቆዩ ሠላሳ ያህል የመኖሪያ ጀልባዎች በመንግሥት ውሳኔ እንዲነሡ ተደርጓል። መድን አደጋን ይክሳል፤ የተሰረዘ የማሰሪያ ፈቃድን ግን አይክስም። ስለሆነም የፈቃዱ ዘመንና የሚሰረዝበት ሁኔታ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሊታወቅ ይገባል።

የፈቃድ ሰጪው ድርሻ

የማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 549/1999 የዘርፉን ተቆጣጣሪ አካል አቋቁሟል። በፌዴራል ደረጃ የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን፣ በክልል ደረጃ ደግሞ የትራንስፖርት፣ የባህልና ቱሪዝም እንዲሁም የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች በጉዳዩ ላይ ድርሻ አላቸው። እነዚህ አካላት ፈቃድ ሲሰጡና ሲያድሱ የተሳፋሪና የሦስተኛ ወገን መድን እንዲቀርብ፣ የመጫን አቅሙም በጀልባው ላይ በጉልህ እንዲጻፍ ቢያደርጉ ጥቅሙ ከባለንብረቱ አልፎ ለተሳፋሪው ይደርሳል።

የራሳቸው ጀልባ ያላቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ለመኪኖቻቸው እንደሚያደርጉት ሁሉ የጀልባውን አረቦን በዓመታዊ በጀታቸው ውስጥ ሊያካትቱ ይገባል። የመድን ውል የሚታደስበት ቀን በንብረት ክፍሉ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ፣ አንድ ቀን ያለፈበት ውል እንዳልተገባ ይቆጠራል።

በአጠቃላይ ለመኖሪያ ጀልባ ሽፋን የሚፈልግ ወገን ጥያቄውን በሦስት ነገሮች ቢጀምር መንገዱ ይቀልለታል። እነሱም ጀልባው ምን እንደሆነ በሰነድ ማስረዳት፣ የሰውን ሕይወት የሚመለከተውን ሽፋን ከንብረቱ ሽፋን ማስቀደም፣ ውሉ የማይክሳቸውን ነገሮች ከፊርማ በፊት አንድ በአንድ ማንበብ ናቸው።