የክርን ድምፅ ስለ ማፈን፤ ከበገናና ከክራር እስከ ቤዝ ጊታር

ስለ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያዎች የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምሩት ድምፁ እንዴት እንደሚወለድ ነው። የእንጨቱን ዐይነት፥ የቆዳውን ውጥረት፥ የክሩን ውፍረትና የቅኝቱን ሥርዐት ይዘረዝራሉ። ድምፁ መቼና በምን እንደሚያበቃ የሚጠይቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ይሁን እንጂ የተመታን ክር እስኪደክም ድረስ እንዲጮኽ መተው፥ ወይም ወዲያው ዝም ማሰኘት፥ ከቅኝት ያላነሰ ጉዳይ ነው። የቤዝ ጊታር ተጫዋቾች በክሮቹ ሥር ቍራጭ ስፖንጅ ማስገባት ይገባል ወይስ አይገባም እያሉ የሚከራከሩት በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። ክርክሩ ለተመልካች ከውጭ አገር የመጣ ይመስለዋል። በኢትዮጵያ ግን ኤሌክትሪክ ከመግባቱ አስቀድሞ ሁለት ተቃራኒ መልሶች ተሰጥተውበት ነበር፤ አንደኛው በበገና፥ ሁለተኛው በክራር።

በገና ዐሥር ክሮች ያሉት ትልቅ መሣሪያ ሲሆን፥ ክሮቹ በጥንቱ ሥራ ከበግ አንጀት የተፈተሉ ናቸው። ትውፊቱ የንጉሥ ዳዊት መሣሪያ እንደ ነበረና በቀዳማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ እንደ ገባ ይተርካል። በዐቢይ ጾም ለጸሎትና ለተመስጦ ይደረደራል እንጂ ለጭፈራ አይቀርብም። በዚህ መሣሪያ ላይ በክሩና በርኩማ በሚባለው ድልድይ መካከል እንዚራ የሚሉት ትንሽ ቍራጭ ቆዳ ይገባል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢያየው ቆዳው ድምፅ ለማፈን የተቀመጠ ይመስለዋል፤ ሥራው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ደርዳሪው ቆዳውን ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሰ ልኩን ሲያገኝለት፥ ክሩ በተነካ ቍጥር የበርኩማውን ጠርዝ ደጋግሞ ይመታል፤ በዚህም የበገና መታወቂያ የሆነው የሚነዝር ድምፅ ይወጣል። እንዚራው ባይኖር ድምፁ ደካማና ለስላሳ በሆነ ነበር።

የበገና ደርዳሪ ጣቶችም ለዚሁ ዐላማ ይታዘዛሉ። በዘመናችን የበገናን ድምፅ በውጭ አገር ካስታወቁት አንዱ የሆኑት ዓለሙ አጋ በሚከተሉት ስልት ከዐሥሩ ክሮች ለዜማ የሚያገለግሉት ስድስቱ ናቸው። የቀሩት ክሮች ለጣት ማረፊያ ይሆናሉ፤ ጣቱ አንዱን ክር ከመታ በኋላ ዐልፎ በጎረቤቱ ላይ ያርፋል፥ የተመታው ክር ግን ሳይነካ ይነዝራል። ስለዚህ የበገና ሕግ በአጭሩ፥ ክር ከተናገረ ንግግሩን እስኪጨርስ አይቋረጥ የሚል ነው።

ክራር የሚከተለው ሌላ ሕግ ነው። ባህሉ በገናን ከዳዊት ጋር ሲያያይዝ ክራርን የሰይጣን መሣሪያ ይለው ነበር፤ የሙዚቃ ሊቁ አሸናፊ ከበደም እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ክራር ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ስያሜ በርእሱ ላይ አኑረውታል። መሣሪያው አምስት ወይም ስድስት ክሮች ሲኖሩት፥ በትዝታ፥ በባቲ፥ በአምባሰል ወይም በአንቺ ሆዬ ይቃኛል። ጊታር አንገቱ ላይ ክሩን በመጫን ከአንድ ክር ብዙ ድምፅ ሲያወጣ፥ በክራር ግን እያንዳንዱ ክር የሚሰጠው በተቃኘበት ድምፅ ነው።

ክራር በሁለት መንገድ ይመታል። አንደኛው ክሮቹን አንድ በአንድ በጣት መደርደር ነው። ሁለተኛው ሁሉንም ክሮች በመግረፊያ በአንድ ጊዜ መግረፍ ነው። በሁለተኛው መንገድ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ሲገርፍ፥ የግራ እጅ ጣቶች ከወዲያኛው በኩል ክሮቹን ነክተው ይይዛሉ። ሊሰማ የሚገባው ክር በሚገረፍበት ቅጽበት ጣቱ ይለቀዋል፤ የቀሩት እንደ ታፈኑ ይቆያሉ። ስለዚህ በግርፊያ ዜማውን የሚመርጠው የሚመታው እጅ ሳይሆን የሚያፍነው እጅ ነው። የታፈኑትም ክሮች ፈጽሞ ዝም አይሉም፤ ደረቅ የምት ድምፅ እየሰጡ የከበሮን ሥራ ይሠራሉ። አንድ ሰው በአንድ ክራር ዜማንና ምትን አጣምሮ መዝፈን የቻለው በዚህ ብልሃት ነው።

ወደ ቤዝ ጊታር ሲታለፍ ስፖንጁ በመጀመሪያ ለምን እንደ ገባ መመልከት ያስፈልጋል። ከቤዝ ጊታር በፊት የዝቅተኛውን ድምፅ ሥራ ይሠራ የነበረው ቆሞ የሚመታው ትልቁ ኮንትራባስ ነው። ክሮቹ ከአንጀት የተሠሩ ስለ ነበሩ በጣት ሲመታ ድምፁ ደምቆ ተነሥቶ ፈጥኖ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1951 በካሊፎርኒያ ሊዮ ፌንደር ፕሪሲሽን ቤዝ የተባለውን የኤሌክትሪክ ጊታር ለገበያ አቀረበ። የብረት ክሮቹ ድምፅ እንደ ቀድሞው ፈጥኖ አልሞተም። ስለዚህ ሠሪው በድልድዩ ላይ በሚደፋው የብረት ክዳን ውስጥ ክሮቹን የሚነካ ማፈኛ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው ጃዝ ቤዝ ለእያንዳንዱ ክር የተለየ ማፈኛ ነበረው፤ ይህ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀረ። በዲትሮይት ከተማ ለሞታውን ኩባንያ ይጫወት የነበረው ጄምስ ጀመርሰን ማፈኛውን ሳያወጣ፥ ያረጁትን ክሮች ሳይለውጥ፥ በአንድ ጣት እየመታ የዘመኑን ዘፈኖች መሠረት ጣለ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ግን ደማቅና ረዥም ድምፅ የሚሰጡ ባለ ጥቅልል ክሮች ተወደዱ፤ ብዙዎችም ክዳኑን ከነማፈኛው አውልቀው ጣሉት። ከዚህ እንደሚታየው ማፈኛው የተፈጠረው አዲሱ መሣሪያ የአሮጌውን ጠባይ እንዲይዝ ነበር።

በአዲስ አበባ የዘመናዊ ባንድ ታሪክ የሚጀምረው ከነሐስ መሣሪያዎች ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጥተው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ይጫወቱ ነበር። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ፥ የፖሊስና የቴአትር ቤት ባንዶች ተነሡ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአስመራ ከነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮና ከሰላም ጓድ ወጣቶች ጋር የአሜሪካ ጥቍሮች ሙዚቃ ወደ ኢትዮጵያ ወጣቶች ጆሮ ደረሰ። ጊታር፥ ቤዝ ጊታርና ኦርጋን የያዙ ትንንሽ ባንዶች በሆቴሎች ተቋቋሙ። በዋልያስ ባንድ መላኩ ገብሬ፥ በአይቤክስ ባንድ ደግሞ ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ጊታር ይጫወቱ ነበር። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ኤረ መላ መላን ያስቀዳው ከአይቤክስ ጋር ነው፤ ዋልያስም እ.ኤ.አ. በ1977 ጨበለው የተባለውን የመሣሪያ ሙዚቃ ሸክላ አወጡ። በእነዚህ ሥራዎች ቤዙ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ይሄዳል፤ ሐረጉም ሕይወት የሚያገኘው በድምፆቹ መካከል ካለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ቢሞላ የጭክጭካው ምት ይታነቅ ነበር።

ጉዳዩ የባለሙያዎች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፥ ዛሬ በባህል ባንዶች ዘንድ ያለውን ሁኔታ ማሰብ ይበቃል። ቤዝ ጊታር ወይም በኤሌክትሪክ የሚጐላ ትልቅ ቤዝ ክራር ከመሰንቆ፥ ከዋሽንት፥ ከክራርና ከከበሮ ጐን ይቆማል። የኢትዮጵያ ዜማ በአብዛኛው አንድ መሥመር ነው፤ ሁሉም ያንኑ ዜማ ይዞ እያንዳንዱ በየጠባዩ ያስጌጠዋል። የቤዙ ዝቅተኛ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ሳይታፈን ቢለቀቅ ድምፁ በአዳራሹ ውስጥ ተዘርግቶ የከበሮውን ምት ይሸፍናል፥ የመሰንቆውንም ለስላሳ ድምፅ ይውጣል። ማፈኛ ይግባ የሚሉ ሰዎች ይህን በመመልከት ነው፤ ስፖንጁ የድምፁን ዕድሜ ያሳጥራል፥ ደማቁንም ክፍል አስቀድሞ ይቈርጣል፤ ምቱ ጥርት ብሎ ይቀራል።

ማፈኛውን የሚቃወሙትም ያለ ምክንያት አይደሉም። በዝግታ በሚዘፈን ትዝታ ውስጥ መሰንቆው በደጋኑ ዜማውን ሲያስረዝም፥ ከሥሩ ያለው ቤዝ በየምቱ የሚሞት ከሆነ ዘፈኑ መቆሚያ ያጣል። ከዚህም በላይ ስፖንጅ አይመርጥም። ሊሰማ የሚገባውንና ዝም ሊል የሚገባውን በእኩል ያፍናል።

ልዩነቱ የሚገለጸው እዚህ ላይ ነው። ስፖንጁ የሚቀመጥበት ስፍራ የእንዚራ ስፍራ ነው፤ ሁለቱም በክሩና በድልድዩ አጠገብ ያርፋሉ። ዐላማው ግን የክራርተኛ ግራ እጅ ዐላማ ነው። ሆኖም ከክራርተኛው እጅ የሚጐድለው ዋና ነገር አለ፤ እርሱም ጊዜውን ዐውቆ መልቀቅ ነው። ክራርተኛ አፍኖ ይለቃል፤ ስፖንጅ አፍኖ ይቀራል።

ስለዚህ ተገቢው ፍርድ ስፖንጁን ፈጽሞ መጣልም፥ እንደ ሕግ ሁልጊዜ ማስገባትም አይደለም። ፈጣን ጭፈራ ያለማቋረጥ በሚመታበት ጠባብ አዳራሽ ስፖንጅ ረዳት ሊሆን ይችላል። በትዝታና በዝግታ ዜማ ግን ሊወጣ ይገባዋል። በግርፊያ በሚመታ ቤዝ ክራር ላይ ማስገባት ደግሞ ትርፍ ነው፤ የመሣሪያው ማፈኛ አስቀድሞ በተጫዋቹ ግራ እጅ ላይ አለና።

ከሁሉ የሚያሳስበው የትምህርቱ ጉዳይ ነው። ግራ እጅ የሚያደርገው ማፈንና መልቀቅ በኖታ ላይ እምብዛም አይጻፍም፤ ከእጅ ወደ እጅ በመተያየት ይተላለፋል። ወጣቱ አስቀድሞ ስፖንጁን ካገኘ ጣቶቹ ሊማሩት የሚገባውን ሥራ ለስፖንጁ ትቶ ያድጋል፤ አንድ ትውልድ ያልተማረውን ደግሞ ቀጣዩ ከማን እንደሚያየው አይታወቅም። ቤዝ ጊታር የሚማር ልጅ ጥቂት ወራት ክራር ቢገርፍ፥ ዝምታም እንደ ድምፅ የሚመታ መሆኑን በጣቱ ይረዳል። ከዚያ በኋላ ስፖንጁን ቢያስገባም ቢያወጣም በዕውቀት ይሆናል።