ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት ታሪኩን ጠይቁ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ላፕቶፕ ነው። «እኛን ከላፕቶፕ ጋር ምን አገናኘን?» የምትል አትጠፋም። እኔም እንደዛ እል ነበር። ግን ከኪሴ ከፍዬ የተማርኩት ነገር ስላለ፣ እናንተ ሳትከፍሉ ብታውቁት ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤይሩት ከገባሁ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ደሞዜ 200 ዶላር ነው፣ አብዛኛው ወደ አገር ቤት ይሄዳል። እሁድ እሁድ ኮምፒውተር ስለምማር የራሴ ላፕቶፕ እንዲኖረኝ ፈለግኩና ከቀረኝ ላይ እየቆነጠርኩ በአምስት ወር 130 ዶላር አጠራቀምኩ። አንድ ሱቅ ገብቼ ቀጭን፣ የምታብረቀርቅ፣ ያገለገለች ላፕቶፕ ገዛሁ። ዊንዶውሱ እስኪከፈት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። የምታስተምረን እህት «ሊኑክስ እንጫንባት፣ ለአሮጌ ኮምፒውተር ይቀላል፣ ገንዘብም አይጠየቅበትም» አለችኝ። ጫነችው፤ ላፕቶፗ እንደ አዲስ ፈጠነች። እልል ልል ስል ዋይፋዩ የለም! ጭራሽ ዋይፋይ የሚባል ዕቃ ውስጧ እንዳልተፈጠረ ሆነች። ሁለት እሁድ ታገልን፣ እምቢ አለ። ወደ ሱቁ መለስኳት። ባለሱቁ «እኔ የሸጥኩልሽ በዊንዶውስ ነው፣ ኸላስ» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። በመጨረሻ በ70 ዶላር ሸጥኳት። 60 ዶላሬ ውሃ በላው።

በጣም ተናድጄ ሊኑክስን ሰደብኩት። አስተማሪያችን ግን «ጥፋቱ ያንቺም አይደለም፣ የሊኑክስም አይደለም። ይሄ የድሮ ጠብ ነው» አለችኝ። የምን ጠብ? ማታ ሥራ ስጨርስ በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጠቡ የጀመረው በፕሪንተር ነው

በ1980 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ኤም አይ ቲ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ፕሮግራመር ይሠራ ነበር። የሚሠራበት ላብራቶሪ ከዜሮክስ ኩባንያ የሌዘር ፕሪንተር በስጦታ አገኘ። ፕሪንተሩ ያለው ሌላ ፎቅ ላይ ስለሆነ ወረቀት ሲነክስ ማንም አያውቅም። ሰው የላከውን ሊወስድ ሲሄድ ቆሞ ያገኘዋል። በፊት በነበረው ፕሪንተር ላይ ስቶልማን ፕሮግራሙን አስተካክሎ፣ ወረቀት ሲነክስ ለሠራተኞቹ መልእክት እንዲልክ አድርጎ ነበር። ለአዲሱም እንደዛ ሊያደርግ ሲል ኮዱ፣ ማለትም ባለሙያ የጻፈው የፕሮግራሙ ጽሑፍ፣ አልተሰጠም። ኮዱ ያለውን ሰው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዶ ጠየቀው። ሰውየው ላለማካፈል ቃል ገብቻለሁ ብሎ ከለከለው።

እስቲ አስቡት። ዕቃው ቤትሽ ነው፣ ተበላሽቷል፣ መጠገን ትችያለሽ፣ ቁልፉ ግን ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። በሰው ቤት ለምንኖር ሰዎች ይሄ ስሜት አይጠፋንም።

ስቶልማን በሴፕቴምበር 1983 ግኑ የሚባል ሥራ እንደሚጀምር አስታወቀ። ሐሳቡ ማንም ሰው ከፍቶ ሊያየው፣ ሊያስተካክለውና ለጓደኛው ሊሰጠው የሚችል ሙሉ ሲስተም መሥራት ነው። ስሙንም ነፃ ሶፍትዌር አሉት። በእኛ ቋንቋ «ነፃ» ስንል ያለ ክፍያም ማለት ነው፣ ነፃነት ያለውም ማለት ነው። እንግሊዝኛውም እንደዛው ስለሆነ ብዙ ሰው ነገሩ የዋጋ ይመስለው ነበር። ስቶልማን የሚያወራው ግን የዕቃው ባለቤት በዕቃው ላይ ስላላት መብት ነው።

በአንድ ልጅ ኮምፒውተር ልክ የተሰፋ

እነ ስቶልማን ብዙ ሠሩ፣ አንድ ዋና ነገር ግን ቀራቸው፤ ከርነል ይባላል። ከርነል በፕሮግራሙና በዕቃው መካከል ቆሞ የሚያስተረጉም ነው። ስትጽፊ ኪቦርዱን፣ ስታስቀምጪ ዲስኩን፣ ኢንተርኔት ስትከፍቺ ዋይፋዩን የሚያዘው እሱ ነው።

ይሄን የሠራው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ አገሩ ፊንላንድ። በጃንዋሪ 1991፣ በ21 ዓመቱ፣ 386 የሚባለው ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር ገዛ። ሙሉ ገንዘብ ስላልነበረው የገዛው በዱቤ፣ ቀስ እያለ ለመክፈል ነው። ሚሞሪው 4 ሜጋባይት ነበር፤ ዛሬ በስልካችን የምናነሳው አንድ ፎቶ ይሄን ያህል ይሆናል። በዚች ኮምፒውተር የራሱን ከርነል መጻፍ ጀመረ። ኦገስት 25 ቀን ሥራውን ለሌሎች ሲያስታውቅ፣ ለትርፍ ጊዜ ያህል የሚሠራው እንደሆነና ትልቅ ነገር እንደማይሆን ጻፈ። ያለው አንድ ዓይነት ሃርድ ዲስክ ብቻ ስለሆነ፣ ከሌላ ዓይነት ጋር ምናልባት መቼም እንደማይሠራ ጨመረ።

እኔ ነገሩ የገባኝ እዚህ ጋ ስደርስ ነው። ሊኑክስ ሲወለድ በአንድ ልጅ ኮምፒውተር ልክ የተሰፋ ልብስ ነበር! በ1992 ሊኑስ ሥራውን በስቶልማን የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ ሥር አደረገው። ከዚያ ከየአገሩ ሰው ኮዱን እየወሰደ ለራሱ ኮምፒውተር እንዲሆን አሰፋው። የራሱ ካርድ ያልሠራለት ለካርዱ ጻፈ፣ ድምፅ ያልወጣለት ለድምፁ ጻፈ። ስለዚህ ሊኑክስ በደንብ የሚሠራው የሚጽፉት ሰዎች እጅ በገባ ዕቃ ላይ፣ ፋብሪካውም ባልደበቀው ዕቃ ላይ ነው። የላፕቶፕ ምርጫ ሚስጥሩ በቃ ይሄ ነው።

ቋንቋቸውን የደበቁ ፋብሪካዎች

ከርነሉ ከአንድ ዕቃ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል። ፋብሪካዎች ለዊንዶውስ የሚሆነውን ድራይቨር ራሳቸው አዘጋጅተው ይሸጣሉ፣ ገበያቸው እሱ ነውና። ለሊኑክስ ግን ብዙዎቹ ድራይቨርም አልሠሩም፣ ሌላው እንዲሠራ ሰነዱንም አልሰጡም።

በ2003 ኢንቴል ሴንትሪኖ የሚለውን ይዞ ሲመጣ ዋይፋይ በላፕቶፕ ውስጥ የተለመደ ሆነ። ኢንቴል ከ2004 ጀምሮ ለዋይፋይ ካርዶቹ የሊኑክስ ድራይቨር ኮዱን ከፍቶ ማውጣት ጀመረ። ብዙ ላፕቶፕ ውስጥ የሚገኘው የብሮድኮም ካርድ ግን ለዓመታት ዝግ ነበር። ሰዉ የዊንዶውሱን ድራይቨር በሊኑክስ ውስጥ በግድ የሚያሠራ ዘዴ ፈጠረ። ሌሎች ደሞ ካርዱ ምን እንደሚልና ምን እንደሚመልስ እያዩ፣ ቋንቋውን በግምት ተማሩ። ብሮድኮም ለአዳዲስ ካርዶቹ ክፍት ድራይቨር ያወጣው በሴፕቴምበር 2010 ነው። የምስል ካርድ የሚሠራው ኤንቪዲያ ላይ ደሞ ሊኑስ ራሱ በ2012 ፊንላንድ ውስጥ ተማሪዎች ፊት ተናዶ፣ ካሜራ እያየ ነውር የሆነ የጣት ምልክት አሳየ። ኤንቪዲያ ከኮዱ የተወሰነውን የከፈተው በሜይ 2022 ነው።

የእኔ ላፕቶፕ ውስጥ የነበረችው ካርድም ከተዘጉት አንዷ ነበረች። አልተበላሸችም፤ ቋንቋዋን የነገረን ስለሌለ ነው።

ጥቁሯ ላፕቶፕ

እሁድ ክፍል ውስጥ የምናያትን፣ ኪቦርዷ መሃል ቀይ ነጥብ ያላትን ጥቁር ላፕቶፕ ታውቋታላችሁ? ቲንክፓድ ትባላለች። አይ ቢ ኤም በ1992 ነው ያወጣት። ስሟ የመጣው «አስብ» ከሚለው የኩባንያው አሮጌ መፈክር ነው። ውበት የላትም፣ ወፍራም ናት፣ ግን ጠንካራ ስለሆነች ትልልቅ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው በብዛት ይገዟት ነበር። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎችም ያዟት፤ የያዙትን ዕቃ ደሞ አስተካከሉት። በ2005 የቻይናው ሌኖቮ የአይ ቢ ኤምን የኮምፒውተር ክፍል በ1.75 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ ቲንክፓድም አብራ ሄደች። በ2020 ሌኖቮ ራሱ አንዳንድ ቲንክፓዶችን ፌዶራ የሚባለውን ሊኑክስ ጭኖ መሸጥ ጀመረ። ዴል ደሞ ኡቡንቱ የተጫነበት ላፕቶፕ መሸጥ የጀመረው በ2007 ነው።

ኡቡንቱ የዚሁ የሊኑክስ አንድ ዓይነት ነው። ያስጀመረው ማርክ ሻትልዎርዝ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ነው፣ በ2004። ያኔ ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ ያለ ክፍያ ይልኩ ነበር። አገራችንም ከዚህ ታሪክ ውጪ አይደለችም። በ2008 አካባቢ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የሚባለው ፕሮጀክት አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖችን ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ሲያድል፣ ውስጣቸው የነበረው ሊኑክስ ነው። እኛ ያኔ ሕፃናት ነበርን፤ ለእኔ ትምህርት ቤት ግን አልደረሰም።

አሁን ደሞ ሌላ ነገር መጣ። ዊንዶውስ 10 ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደሞ ከ2017 በፊት የተሠሩ አብዛኞቹን ላፕቶፖች አይቀበልም። ምንም ያልሆኑ ላፕቶፖች በርካሽ ይሸጣሉ ማለት ነው። ለእኛ ዕድል ነው፣ ካወቅንበት።

እሁድ ስትገዙ

ሁለተኛውን ስገዛ ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የላፕቶፑን ሙሉ ስም ያዙ። «ሌኖቮ ነው» ወይም «ዴል ነው» አይበቃም። ከሥሩ የተለጠፈውን የሞዴል ስምና ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሡና ቤት ሄዳችሁ ከሊኑክስ ጋር አድርጋችሁ ፈልጉ። ሌሎች ሞክረውት ከሆነ ጽፈውታል። ለቢሮ የተሠሩት፣ ቲንክፓድ፣ ዴል ላቲቲውድ፣ ኤች ፒ ኤሊትቡክ የሚባሉት፣ ብዙ ጊዜ አያስቸግሩም። ከ2018 ወዲህ ያሉ ማክቡኮች ግን ለጀማሪ ፈተና ናቸው።

ሁለተኛ፣ ዋይፋዩና ምስሉ የኢንቴል ከሆነ ልባችሁ ይረፍ። ራሙ 8 ጊጋ፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ከቢሮ የወጣ ላፕቶፕ አንዳንዴ ገና ሲበራ የድሮው ድርጅት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ባለሱቁ «ቀላል ነው፣ ይከፈታል» ቢልም ትታችሁት ውጡ። ባትሪውንም ቻርጀሩን ነቅላችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል እዩት።

አራተኛውና ዋናው፣ ሳትከፍሉ ሞክሩ። በ2000 ክላውስ ክኖፐር የሚባል ጀርመናዊ ክኖፒክስ የሚባል ሊኑክስ አወጣ፤ ዲስኩን ሳይነካ ከሲዲ ላይ ይሠራ ነበር። ዛሬ ያው ሥራ በፍላሽ ይሠራል። ፍላሹን ሰክታችሁ ላፕቶፑን ከፍላሹ ታስነሡታላችሁ፣ ለመሞከር የሚለውን ትመርጣላችሁ። ያኔ ዋይፋዩን በስልካችሁ ሆትስፖት፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ ኪቦርዱን ትፈትሻላችሁ። ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱት መንቃቱንም እዩ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ፍላሹን ስትነቅሉ የባለሱቁ ዊንዶውስ እንደነበረ ነው።

እኔ ፍላሹን ሳወጣ የመጀመሪያው ባለሱቅ ሳቀብኝ፣ «አንቺ ደሞ ምን ታውቂያለሽ» ዓይነት ሳቅ። ሁለተኛው «ቫይረስ ታስገቢብኛለሽ» አለ። ሁለቱንም አመስግኜ ወጣሁ። ሦስተኛው ልጅ ግን ወንበር ስቦ ሰጠኝና አብሮኝ አየ። ዋይፋዩ ወዲያው ታየ። በ140 ዶላር አሮጌ ቲንክፓድ ገዛሁ፤ ክዳኗ ተጭሯል፣ ግድ የለኝም።

ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው በሷ ነው። ድምፁን በላቲን ፊደል ስመታው ወደ ፊደላችን ይቀይርልኛል። ደሞዜን የተቀበልኩበትን ቀን ሁሉ፣ ያልተከፈለኝንም ሁለት ወር ጭምር፣ በሠንጠረዥ ይዤዋለሁ። ማዳም «ከፍዬሻለሁ» ስትል ድሮ ዝም እል ነበር፤ ባለፈው ወር ከፍቼ አሳየኋት። የአንዱን ወር ከፈለችኝ፣ አንዱ ገና ነው።

ከእናንተ ውስጥ ላፕቶፕ ልትገዛ ያሰበች ካለች ብቻዋን አትሂድ። ፍላሹ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ እሁድ ከትምህርት በኋላ ጥሩኝ፣ አብረን እንሄዳለን።