ቆሽት፣ ነቀርሳና የወፍ በሽታ፦ በስም የተሸፈነ ሕመም ታሪክ



በቋንቋችን እጅግ የተናደደ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ከጨጓራ ጀርባ ተሸሽጎ የሚኖረው ይህ ትንሽ አካል በንግግራችን ይህን ያህል የቀረበን ሲሆን፣ በሕክምና ታሪካችን ግን ከሁሉም ርቆ ቆይቷል። የዛሬው ንግግሬ ስለ ቆሽት ካንሰር ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የታሪክ መምህር ነኝ። የማነሣውም ጥያቄ የታሪክ ነው፤ አንድ ሕመም በሌላ ስም ሲጠራ ምን ይሆናል?

ከካራ ልጀምር። ካራ በኦሮምኛ መንገድ ማለት ሲሆን፣ የእንጦጦ ሰንሰለት ወደ ምሥራቅ ተዘርግቶ ከየካ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ፣ በደሴ መስመር ወደ ከተማዋ የሚገባውም የሚወጣውም የሚያልፍበት ሰፈር ነው። ይህ ተራራ ከጥንት የሕመምተኞች መጠጊያ ነው። በእንጦጦ ጠበል ከየአገሩ የመጣ ድውይ ሲጠመቅበት ኖሯል። በኤች አይ ቪ ዘመን መድኃኒትና ጠበል አብረው ይሄዳሉን የሚለው ክርክር የተጋጋለው በዚሁ ተራራ ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያንም ሁለቱ እንደማይጣሉ አስተምራለች። በ1950ዎቹ ደግሞ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎችን ለማከም በእንጦጦ ተቋቋመ።

ነቀርሳ የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ሳንባ ላይ ሲሆን ቲቢ ነው፤ በጡት ወይም በማሕፀን ሲሆን ካንሰር ነው። ሰውን እያከሳና እያመነመነ የሚገድለውን ሁሉ አባቶቻችን በአንድ ስም ጠሩት። አልተሳሳቱም፤ የሰየሙት በዓይናቸው ያዩትን ነው። የቀድሞ የመድኃኒት መጻሕፍታችንም ሕመምን የሚለዩት ባመዛኙ በሚታየው ምልክት ነው። ችግሩ ቆሽት የማይታይ መሆኑ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በካራ አንድ አረጋዊ ጎረቤቴ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ሽንታቸው ጠቆረ፤ ሰውነታቸውን ያሳክካቸው ጀመር፤ የሚያማቸው ግን ምንም አልነበረም። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ቃል «የወፍ በሽታ ነው» አለ። ወፍ በላዩ ያለፈችበትን፣ አንዳንዶች እንደሚሉትም የሌሊት ወፍ የነካችውን ሰው የሚይዝ ነው የሚባለው። ቅጠል ተቀጠቀጠላቸው፤ ጠጡ። ሦስት ወር ቆይተው ሆስፒታል ሲደርሱ፣ ከቆሽታቸው ራስ የተነሣው ዕጢ ወደ ጉበት ተሻግሮ ነበር።

እኔም በወቅቱ ከጎረቤቶቼ የተለየ ነገር አላልኩም። በኋላ ነገሩን ሳሰላስል፣ የስሙ ጉልበት ከየት እንደመጣ ገባኝ። ዓይንን ቢጫ ከሚያደርጉት ሕመሞች ብዙዎቹ፣ በተለይ በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፉት የጉበት ቫይረሶች፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሳቸው ይለቃሉ። ቅጠሉን የጠጣ ይድናል፤ ያልጠጣም ይድን ነበር፤ ምስጋናው ግን ለቅጠሉ ይሆናል። ስለዚህ የወፍ በሽታ የሚለው ስም በየትውልዱ እውነትነቱ ሲመሰከርለት የኖረ ስም ነው። ወጣቱን የሚያተርፈው ትዕግሥት ግን አረጋዊውን ይገድላል። በቆሽት ራስ ላይ የበቀለ ዕጢ የሐሞትን ቱቦ ሲዘጋ ያለ ሕመም ቢጫ ያደርጋል፤ በዚያ ጊዜ አንዳንዱ ታማሚ ገና በቀዶ ሕክምና ሊረዳ ይችላል። እነዚያ ሦስት ወራት ውድ ነበሩ።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ቀድመው አላዩትም። የስዊሱ ቀዶ ሐኪም ኩርቮይዚየ እ.ኤ.አ. በ1890 የጻፈው ምልከታ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ቢጫ የሆነ ሰው የሐሞት ከረጢቱ አብጦ በእጅ ሲዳሰስ ካላመመው፣ መንሥኤው የሐሞት ጠጠር የመሆኑ ነገር ያጠራጥራል። አሜሪካዊው አለን ዊፕል በ1935 ስሙን የያዘውን ቀዶ ሕክምና ይፋ አደረገ። ተራ ራጅ ቆሽትን አያሳይምና፣ አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን እስኪመጡ ድረስ ሐኪሙ እጁንና ግምቱን ይዞ ነበር። ዛሬም በ2022 ብቻ በዓለም ከ510 ሺህ በላይ ሰዎች በሽታው ሲገኝባቸው፣ በዚያው ዓመት 467 ሺህ ያህል ሞተውበታል። የሁለቱ ቁጥሮች መቀራረብ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

ስለ መንሥኤው የሚታወቀው ጥቂት ነው፤ ሲጋራ አደጋውን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ ዕድሜ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ የቆየ የቆሽት ብግነትና የቤተሰብ ውርስም ድርሻ አላቸው። ምልክት የሌለውን ሕዝብ በጅምላ መመርመር አይመከርም። ካንሰሩን ይጠቁማል የሚባለው የደም ምርመራ፣ ሲኤ 19-9፣ የሐሞት ቱቦ በሌላ ምክንያት ሲዘጋም ይጨምራል። ንጥረ ነገሩን ፈጽሞ የማያመነጩ ሰዎችም አሉ፤ ድርሻቸውም በአፍሪካ ተወላጆች ዘንድ ከፍ ይላል።

ተስፋ የተጣለበት ሌላ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የማዮ ክሊኒክ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 50 ከሞላ በኋላ ስኳር የጀመራቸውን 2,122 የሚኒሶታ ነዋሪዎች መዝገብ መረመረ። ከእነዚህ 18ቱ በሦስት ዓመት ውስጥ የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ይሁን እንጂ ከሌላው ሕዝብ ስምንት እጥፍ ገደማ ነው። ስኳሩ ከመክሳት ጋር ሲመጣ ጥርጣሬው ይበረታል።

ይህን ምልክት ወደ እኛ አገር ስናመጣው ግን ይደናገራል። የጎንደር ሐኪሞች ለረጅም ዓመታት ያስተዋሉት አንድ ጉዳይ አለ፤ በገጠር ስኳር የሚይዛቸው ብዙዎች ከሲታ ወጣት ድሆች ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር ብሎ መዝግቦት፣ በ1999 ከዝርዝሩ ሰረዘው፤ ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን ደግሞ በ2025 አምስተኛው ዓይነት ብሎ መለሰው። ስሙ ሲሠረዝ ታማሚዎቹ አብረው አልተሠረዙም። እንግዲህ በሚኒሶታ የሚያስደነግጠው የከሳ ስኳርተኛ፣ እዚህ የተለመደ ፊት ነው። በዚያ ላይ የሚከሳ ሰው ሁሉ በቅድሚያ በቲቢ ይጠረጠራል። ሁለቱን የሚለየው በዋናነት ዕድሜ ነው።

በአገራችን የሕዝብን ካንሰር የሚቆጥር የመጀመሪያው መዝገብ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሚሸፍነውም አዲስ አበባን ነው። ምኒልክ ሆስፒታል በየካ ከተመሠረተ ያን ጊዜ መቶ ዓመት አልፎታል። በዚያ ሁሉ ዘመን በቆሽት ካንሰር የሞተ አልነበረም ማለት አይደለም፤ በወፍ በሽታ፣ በስኳር ወይም በነቀርሳ ስም ተቀብሯል።

ዕድሜ ወሳኝ ከሆነ ደግሞ አንድ የሙያዬን ብልሃት ለሐኪሞቹ ማዋስ እችላለሁ። ከካራ ማዶ ከሚመጡት አረጋውያን ብዙዎቹ የተወለዱበትን ዓመት በቁጥር አይነግሯችሁም፤ «ስንት ዓመትዎ ነው?» ሲባሉም የመጣላቸውን ይናገራሉ። እኛ የቃል ታሪክ ስንሰበስብ በዘመን ነው የምንጠይቀው። «ጃንሆይ ሲወርዱ ያስታውሳሉ?» በሉ። አዎ ካሉና ስኳሩ ዘንድሮ ከጀመራቸው፣ ደግሞም ቀበቷቸው እየሰፋ ከሆነ፣ ኪኒን ሰጥታችሁ ከመሸኘታችሁ በፊት ሆዳቸው በምስል እንዲታይ አድርጉ።