ቆቅ የዶሮ ዘመድ ናት ወይስ የድርጭት?

ባሌ ተራሮች ላይ ሁለት ዓይነት ቆቆች አሉ። አንዷ ማጅራቷ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ጩኸቷ የሚያንቋርር፤ ሌላዋ ከፍ ብላ ሣር ውስጥ የምትኖር፣ ድምፅዋ እንደ ፉጨት የቀጠነ። ሰው ሁለቱንም "ቆቅ" ይላቸዋል።

ሳይንስም ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ነበር። በ1963 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊቷ ቢ. ፒ. ሆል ሙዚየም የተቀመጡ ቆዳዎችን እያወዳደረች፣ የአፍሪካና የእስያን 40 ገደማ ዝርያዎች "ፍራንኮሊነስ" በሚባል አንድ ጂነስ፣ ማለትም በአንድ የዘመዳሞች ምድብ፣ ሥር አስቀመጠቻቸው። ስንፍና እንዳይመስላችሁ! በጊዜው የነበራት መረጃ በዋናነት ላባና የመኖሪያ ካርታ ነው።

ኋላ ግን የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው ቲም ክሮውና ባልደረቦቹ ድምፅና ዲኤንኤ ሲጨምሩበት ምድቡ ለሁለት ተሰነጠቀ። ባለ ፉጨቷ ከዶሮ ጋር ትቀርባለች። ማጅራተ ቡናማዋ ደግሞ "ፕተርኒስቲስ" ወደሚባለው ጂነስ ሄደች፤ የቅርብ ዘመዶቿ እነ ድርጭት ናቸው።

እኔ ኢንጂነር ስለሆንኩ ነገሩን እንደ ስልክ ነው የማየው፤ ሽፋናቸው አንድ፣ ውስጣቸው የተለያየ ፋብሪካ። መሬት ላይ እየጫሩ መኖር ሁለቱንም አንድ ዓይነት ልብስ አልብሷቸዋል። ባሌ ከሄዳችሁ መጀመሪያ አድምጡ፤ ከዚያ ጀርባቸውን እዩ። የባለ ፉጨቷ ላባ እንደ ድርጭት የተዥጎረጎረ ነው፤ የድርጭት ዘመድ ግን እሷ አይደለችም።