ጭቃ ቤት ውስጥ እሳት የለቀቀው አርክቴክት

ናደር ኻሊሊ በ1975 ዕድሜው ወደ አርባ ተጠግቶ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቴህራን ተወልዶ፣ በኢራን፣ በቱርክና በአሜሪካ ተምሮ፣ በ1970 የካሊፎርኒያን የአርክቴክትነት ፈቃድ አውጥቷል። ሎስ አንጀለስም ቴህራንም እየሠራ ረጃጅም ሕንጻ ይነድፋል። ወቅቱ ደግሞ ለሙያው ሠርግና ምላሽ ነው። ከ1973 በኋላ የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ነክቶ የኢራን ካዝና ሞልቷል፤ ሻሁ አገራቸውን በአጭር ጊዜ ከአውሮፓ ተርታ ለማሰለፍ ተጣድፈዋል። ቴህራን ውስጥ ክሬን የሌለበት ሰፈር መፈለግ ነው የሚከብደው።

ኻሊሊ በዚህ ሰዓት ቢሮውን ዘግቶ ሞተር ሳይክል ላይ ወጣና ወደ በረሃው ሄደ። ቀጣዮቹን አምስት ዓመታት በኢራን በረሃማ መንደሮች ሲዞር አሳለፈ።

ሲፈልግ የነበረው ድሃ ራሱ ሊሠራው የሚችል፣ የማይፈርስ ቤት ነው። የኢራን በረሃ እንጨት የለውም። እንጨት ከሌለ ማገርም ወራጅም የለም፤ ስለዚህ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ጣሪያውን በጭቃ ጡብ እያጎበጠ ጉልላት መሥራት ተምሯል። ቤቱ በቀን ሙቀት ቀዝቃዛ፣ በሌሊት ብርድ ሞቃት ነው፤ ወጪውም ከጉልበት አያልፍም። ሁለት ጠላት ግን አለው፦ ዝናብና የመሬት መንቀጥቀጥ። በመስከረም 1978 ጠባስ የተባለችው ከተማ ስትመታ ከ15,000 በላይ ሰው ሞተ። መሐንዲሶቹ ለዚህ የነበራቸው መልስ ብረትና ሲሚንቶ ነው። መልሱ ስህተት አይደለም፤ ችግሩ ገበሬው መግዛት አለመቻሉ ነው። ከዚያም የባሰ ነገር ነበር፦ አቅሙ ለግማሽ የበቃው ሰው ደካማ ግድግዳ ላይ ከባድ የብረትና የጡብ ጣሪያ ይጭናል፤ መሬት ስትናወጥ ያ ጣሪያ ቤተሰቡ ላይ ይወርዳል።

ኻሊሊ መልሱን ያገኘው ከሸክላ ሠሪዎች ምድጃ ነው። ሸክላ የሚተኮስባቸው እነዚያ ትልልቅ ምድጃዎች የተሠሩት ከዚያው ከጭቃ ነው፤ ነገር ግን በዙሪያቸው ያሉ ቤቶች ሲፈርሱ እነሱ ቆመዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ውስጣቸው ደጋግሞ ሲነድ ጭቃው ራሱ ሸክላ ሆኖ እንደ አንድ ድንጋይ ተያይዟል። እንስራና ጀበና ውሃ የሚችለው በዚሁ ምክንያት ነው። ታዲያ ቤቱ ራሱ ለምን አይተኮስም? በርና መስኮቱን ደፍኖ፣ ውስጡ እሳት ለቅቆ፣ ክፍሉን በሙሉ እንደ አንድ ትልቅ ማድጋ ማውጣት ቢቻልስ?

ዘዴውን «ገልታፍታን» አለው። «ገል» በፋርስኛ ጭቃ ነው፣ «ታፍታን» መተኮስ። (በአማርኛም ገል የሸክላ ስባሪ መሆኑ የአጋጣሚ ጉዳይ ቢሆንም ደስ ይላል።) ከቴህራን ደቡብ ምሥራቅ፣ ቫራሚን አካባቢ፣ የመንደር ቤቶችን በዚህ መንገድ ተኩሷል፤ ጃቫዳባድ ላይም ትምህርት ቤት ሠርቷል። ይህ ሁሉ የሆነው አብዮቱ ሻሁን አባርሮ አገሪቱ ስትታመስ፣ ብዙ የሙያ ባልደረቦቹም ሻንጣቸውን ይዘው ሲወጡ ነው።

ዘዴው እንከን የለሽ አልነበረም። ቤት ለመተኮስ ብዙ ነዳጅ ይነዳል፤ ነዳጅ ርካሽ ባልሆነበት አገር ሂሳቡ ይበላሻል። ኻሊሊም እዚያ ላይ አልቆመም።

ወደ ካሊፎርኒያ ተመልሶ በደቡብ ካሊፎርኒያ የአርክቴክቸር ተቋም ፕሮፌሰር ሆነ፤ የበረሃ ዓመታቱን በ1983 በመጽሐፍ አወጣ፤ የሩሚን ግጥሞችም ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመ። በ1984 ናሳ ጨረቃ ላይ ስለሚሠሩ መኖሪያዎች ባዘጋጀው ጉባኤ ያቀረበው ሐሳብ ከኢራን መንደር የወጣ ነው፦ ከምድር ሲሚንቶ ጭኖ መሄድ አይቻልምና ሰው እዚያው የረገጠውን አፈር ይጠቀም።

ከዚህ ሐሳብ «ሱፐር አዶቤ» ተወለደ። ረጅም የማዳበሪያ ከረጢት የመሰለ ቱቦ አፈር ይሞላል፤ ጥቂት ሲሚንቶ ወይም ኖራ ይቀላቀልበታል፤ ከዚያ እንደ ተጠቀለለ እባብ እየተደራረበ፣ ወደ ላይ እየጠበበ ጉልላት ይሆናል። በየድርድሩ መካከል እሾሃማ ሽቦ ይዘረጋል፤ ሽቦው ከረጢቱን ነክሶ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። የአሸዋ ከረጢትና እሾሃማ ሽቦ፦ ሁለቱም የምሽግ ዕቃዎች ናቸው። ኻሊሊም ይህን ሆን ብሎ ይናገር ነበር።

በ1991 ሄስፔሪያ በተባለችው የካሊፎርኒያ ከተማ የማስተማሪያ ማዕከሉን አቋቋመ። ቦታው ከታወቀው የሳን አንድሪያስ ስንጥቅ ብዙም አይርቅም። የከተማዋ የሕንጻ ሹሞች በከረጢት የተሞላን አፈር ቤት ብለው ለማጽደቅ መጀመሪያ አልፈለጉም፤ ተገቢ ነው፣ ሥራቸው መጠራጠር ነው። ጉልላቶቹ በኃይል እየተገፉ ተፈተኑ፤ ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ ተሸክመው ቆሙ። ኻሊሊ ከሠራው ሁሉ ምናልባት ትልቁ ይህ ነው። ጉልላት መሥራትን የበረሃ ሰው ከእሱ ሺህ ዓመታት በፊት ያውቀዋል፤ ጭቃን በመሐንዲስ ቋንቋ አስመስክሮ ማኅተም ያስመታለት ግን እሱ ነው።

በ1995 ደግሞ በኢራን ኹዜስታን ግዛት፣ ባኒናጃር በተባለ ሰፈር፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ድጋፍ ከኢራቅ ለሸሹ ስደተኞች 15 መጠለያዎች ተሠሩ፤ ስደተኞቹ ራሳቸው ግንበኞች ሆኑ። ለዚህ ሥራ በ2004 የአጋ ኻን የአርክቴክቸር ሽልማት ተሰጠው። በዚያው ዓመት ከተሸለሙት መካከል 452 ሜትር የሚረዝሙት የኳላ ላምፑር ፔትሮናስ ማማዎች ነበሩ። ረጅም ሕንጻ ትቶ የወጣው ሰው ከረጃጅሞቹ ጎን ተሰለፈ።

ሽልማቱ በመጣበት ዓመት ግን ኢራን ሐዘን ላይ ነበረች። ታኅሣሥ 26 ቀን 2003 ባም ከተማ ተመትታ 26,000 ያህል ሰው ሞተ፤ ጥንታዊው የጭቃ ምሽግም ፈራረሰ። ከዚያ በኋላ ጭቃ የሚለው ቃል ሞት ማለት ሆነ፤ ከተማዋ በአብዛኛው በብረትና በኮንክሪት ተሠራች። ለኻሊሊ የሚከራከሩ ሰዎች ይህን በቁጭት ያነሳሉ። ግን ፍርዱ እንዲህ ቀላል አይደለም። ሱፐር አዶቤ ጉልበት ይበላል፤ ከረጢቱ ካልተለሰነ ፀሐይ ይፈጀዋል፤ ሰው ደግሞ ጎረቤቱ የማይኖርበት ክብ ቤት ውስጥ መኖር ያሳፍረዋል። የእርዳታ ድርጅቶችም ሥራቸው በፍጥነት ስለሚለካ ድንኳን ይቀላቸዋል። አሥራ አምስቱ መጠለያዎች አሥራ አምስት ሺህ ሳይሆኑ የቀሩት በክፋት ብቻ አይደለም።

ኻሊሊ መጋቢት 2008 በ72 ዓመቱ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አረፈ። ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ በ2015፣ ኔፓል በከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ካትማንዱ አጠገብ በእሱ ዘዴ የተሠሩ ወደ 40 የሚጠጉ ጉልላቶች ያሉት የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ነበር። ልስኑ ተሰነጣጠቀ፤ ጉልላቶቹ ቆሙ።