ማን አሸነፈ? የዲስክ ጦርነትና የከሚሴ መሳቢያ

በ2000 ዓ.ም. የሚሊኒየሙ ግርግር ገና ሳይረሳ፣ የካቲት 11 ቀን የጃፓኑ ቶሺባ «ኤችዲ ዲቪዲ» የተባለውን የዲስክ ማጫወቻውን ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ። በሶኒ የሚመራው ቡድን «ብሉ ሬይ» አሸነፈ ተባለ። ኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ የገዙ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አዲስ ፊልም የማይወጣለት ዕቃ ታቅፈው ቀሩ።

ከሚሴ ላይ ግን ያዘነም የተደሰተም አልነበረም። ሁለቱም ዲስኮች የእኛን ገበያ አላወቁትም።

ታዲያ ምን አገባን? ያገባናል። እኛም የራሳችን የዲስክ ጦርነት ነበረን። ያሸነፈውም ሀብታሙ ዓለም የናቀው ዲስክ ነው። የዚያ ድል ጥቅሙም ዕዳውም ዛሬ በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ አለ።

ከካሴቱ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1975 ሶኒ ቤታማክስን አወጣ፤ በዓመቱ ጄቪሲ ቪኤችኤስን ይዞ መጣ። የቤታማክስ ምስል ይሻላል የሚሉ ብዙ ነበሩ። ግን የመጀመሪያው የቤታማክስ ካሴት 1 ሰዓት ሲይዝ ቪኤችኤስ 2 ሰዓት ያዘ፤ አንድ ሙሉ ፊልም ማለት ነው። ጄቪሲ ፈቃዱን ለሌሎች ፋብሪካዎችም በሰፊው ስለሰጠ ዋጋው ወረደ። በሀገራችን ቪዲዮ ቤቶች የህንድና የካራቴ ፊልም ያየነው በዚሁ በአሸናፊው ካሴት ነው።

ቀጥሎ ቪሲዲ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1993 ፊሊፕስ፣ ሶኒ፣ ማትሱሺታና ጄቪሲ ደረጃውን አወጡለት። አሜሪካና አውሮፓ ግን አልወደዱትም። ምስሉ ከቪኤችኤስ ብዙም አይሻልም። አንዱ ዲስክ 74 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚይዝ አንድ ፊልም ሁለት ዲስክ ይፈልጋል። ልብ በተሰቀለበት ሰዓት ተነስቶ «ክፍል 2»ን ማስገባት የነበረብን ለዚህ ነው። ቻይና ግን ወደደችው፤ ርካሽ ማጫወቻም በገፍ ሠራች። እኛ ዘንድ የደረሰውም እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 ዲቪዲ ተወለደ። መጀመሪያ ሶኒና ፊሊፕስ በአንድ ወገን፣ ቶሺባና ታይም ዋርነር በሌላ ወገን ሁለት ዓይነት ዲስክ ይዘው ተፋጠው ነበር። የኮምፒውተር ኩባንያዎች፣ በተለይ አይቢኤም፣ «አንድ ካላደረጋችሁት አንቀበልም» ብለው አስታረቋቸው። ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ ከቪሲዲ ስድስት እጥፍ በላይ ነው። ምስሉም ጥርት ያለ ነው።

ግን ቁልፍ ነበረው። የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን በቁጥር ከፋፈሏት። አሜሪካ 1፣ ሳዑዲ ዓረቢያ 2፣ ቻይና 6፣ እኛና ህንድ 5። አንድ ቁጥር ያለው ማጫወቻ የሌላውን ቁጥር ፊልም እንዳያጫውት ተደረገ። ይህን ወደ እኛ ዞን አምጡት። ከከሚሴም ሆነ ከባቲ ልጆቻችን ጅዳና ሪያድ ይሠራሉ፤ ሲመለሱ ዕቃ ይዘው ይመጣሉ። በደንቡ ከሄድን፣ ልጅቷ በላቧ የገዛችው ማጫወቻ ለ5 ቁጥር የተዘጋጀውን ኦሪጅናል የህንድ ፊልም አያነብም። ገንዘቡን ከፍላለች፣ ዕቃው የሷ ነው፤ ቁልፉ ግን ሆሊውድ እጅ ነው። ያዳነን ቁልፉን ከቁብ የማይቆጥረው ርካሽ ማጫወቻና ቁልፍ የሚባል ነገር የሌለው ቪሲዲ ነው።

የእኛ ሰው ዕቃ ሲገዛ የሚጠይቀው «ጎረቤት ቤትም ይሠራል ወይ? ሲበላሽ የሚጠግነው አለ ወይ? ኮፒ ይሆናል ወይ?» ብሎ ነው። የምስል ጥራት የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ይህ ድንቁርና አይደለም፤ የገዢ ብልኀት ነው። ኤችዲ ዲቪዲ የገዙት እነዚያ ባለገንዘቦች እነዚህን ጥያቄዎች ቢጠይቁ ኖሮ ባልከሰሩ ነበር።

የቪሲዲ ትልቁ ሥራ ግን ፊልም ማሳየቱ አልነበረም። እኛን መቅረጹ ነው። አንድ ካሜራና ዲስክ የሚጽፍ ኮምፒውተር ያለው ሰው አዲስ አበባን ሳይለምን አሳታሚ ሆነ። የኦሮምኛ ዘፈን፣ መንዙማ፣ ሰርግ በዲስክ ገባ። ባቲ ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ለአንዱ ስሟን የሰጠች ከተማ ናት። የዚህ አገር ዜማ ከሬዲዮና ከካሴት ወጥቶ በራሱ ሰው፣ በራሱ ልብስና ጭፈራ በዓይን የታየው በብዛት በዚህ በተናቀ ዲስክ ነው።

ዕዳውንም እንናገር። ቁልፍ የሌለው በር ለሌባም ክፍት ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቶ እያለ፣ ዘፋኙ ሥራውን ባወጣ ማግስት ኮፒው ጎዳና ላይ ይሸጥ ነበር። ገበያው ጠባብ የሆነበት የኦሮምኛ ዘፋኝ ደግሞ ጉዳቱ ይብስበታል። እኛ በርካሽ ስናይ የከፈለው እሱ ነው።

ሁለተኛው ዕዳ አሁን እየመጣ ነው። በኮምፒውተር የተጻፈ ዲስክ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ንጣፍ ላይ ነው፤ ቀለሙን ደግሞ ሙቀትና ፀሐይ ያጠፉታል። የከሚሴን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ማጫወቻው ከገበያ እየጠፋ ነው፣ አዳዲሶቹ ላፕቶፖችም የዲስክ ማስገቢያ የላቸውም። እኛም ወደ ሚሞሪ፣ ከዚያ ወደ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ሄድን። የሆሊውድ ፊልም ቢጠፋ የሚያስቀምጠው ኩባንያ አለ። የአያታችሁ ምርቃት፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ የመንደሩ ሽማግሌዎች የታዩበት ሰርግ፣ በአንድ ሌሊት ሐድራ የተቀረጸ መንዙማ ግን ያለው እናንተ መሳቢያ ውስጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ዲስክ የሚያነብ ኮምፒውተር ካለው ሰው ዘንድ ሂዱ። ቪሲዲ ቁልፍ የለውም፤ ትልቁን የቪዲዮ ፋይል አውጥቶ ፍላሽ ላይ መገልበጥ ነው፣ በቪኤልሲ ይከፈታል። አንድ ሙሉ ዲስክ 700 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ ቴሌግራምም ይቀበለዋል። አንድ ኮፒ እናንተ ዘንድ፣ አንድ ኮፒ ሌላ ዘመድ ቤት ይሁን። ዲስኩ ተጭሮ ከሆነ አትጣሉት፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት፣ አንዱ እምቢ ያለውን ሌላው ያነበዋል።

ሰርጉ ላይ የነበረ ዘመድ ካላችሁም ደውሉለት። ምናልባት ጥሩው ኮፒ ያለው እሱ ጋ ነው።