ከገጠር ወደ ከተማ፦ መሬት፣ ሥራና መኖሪያ በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ በአፍሪካ የከተማ ነዋሪ ድርሻቸው ዝቅተኛ ከሆነ አገሮች አንዷ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከ73 ነጥብ 7 ሚሊዮን ሕዝብ መካከል በከተማ የሚኖረው 16 ከመቶ ያህል ብቻ ነበር። የአዲስ አበባ ነዋሪም 2 ነጥብ 7 ሚሊዮን ሆኖ ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ያልተካሄደ ሲሆን፣ የኋለኞቹ ግምቶች የከተሜው ድርሻ ከአምስት አንድ እጅ ማለፉን ያመለክታሉ። ፍልሰቱ ለምን በዝግታ እንደጀመረ፣ ዛሬስ ለምን እንደበረታ ለመረዳት ከሁሉ አስቀድሞ የመሬቱን ሕግ ማየት ያስፈልጋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አድርጎ ጭሰኝነትን አስቀረ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደነገገ። ገበሬው በይዞታው ይጠቀማል፣ ለልጁ ያወርሳል፣ ለተወሰነ ጊዜ ያከራያል፤ ሸጦ መነሻ ገንዘብ ይዞ ከተማ መግባት ግን አይችልም። ከቀዬው ርቆ ለዓመታት የቆየ ሰው ይዞታውን ሊያጣ እንደሚችልም የክልል ሕጎች ይደነግጋሉ፤ የጊዜው ርዝመት ከክልል ክልል ይለያያል። ስለዚህ ከቤተሰቡ አንዱ መሬት ጠባቂ ሆኖ ይቀራል፣ ሌላው ይወጣል። ሕጉን አንዳንዶች ገበሬውን ከድንገተኛ መፈናቀል የሚጠብቅ ዋስትና፣ ሌሎች ደግሞ እግሩን የሚያስር ገመድ ይሉታል። ሁለቱም ስለተለያዩ ሰዎች የሚናገሩ ይመስላል። መሬት ላለው አባት ዋስትና ነው፤ በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ከተደረገው የመሬት ሽግሽግ በኋላ ለደረሰው ልጅ ግን የሚጠብቀው መሬት ራሱ የለም። ከአንድ ሄክታር በታች የሚያርስ አባት ለአራት ልጆች ቢያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የጓሮ ያህል ነው።

ከገጠር የወጣ ሁሉ ግን ከተማ አይገባም። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ወደ ሑመራና መተማ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ደመወዙን ቋጥሮ ወደ አገሩ የሚመለስ ወቅታዊ ፍልሰተኛ ነው። ከተማ የሚገባው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ወዳለበት ሰፈር ያመራል። የዶርዜ ሸማኔዎች በእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ላይ የሰፈሩት፣ የጉራጌ ነጋዴዎችም በመርካቶ የሥራ መረባቸውን የዘረጉት በዚህ መንገድ ነው። ከመርካቶ የተገኘው ገንዘብ አገር ቤት ደርሶ መንገድ እስከመሥራት በቅቷል፤ በ1950ዎቹ የተመሠረተው የዓለም ገና–ወልቂጤ መንገድ ሥራ ማኅበር ለዚህ ምስክር ነው።

ለወጣት ሴቶች ዋነኛው በር የቤት ሠራተኝነት ነው። ደላላው ያገናኛል፣ አሠሪዋ ማደሪያና ምግብ ትሰጣለች፣ የቤት ኪራይ ጭንቀት ለጊዜው ይቀራል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አገልግሎት ቅጥርን ከራሱ ወሰን ውጭ አድርጎ በተለየ ደንብ እንዲገዛ ትቶታል። በመሆኑም የሥራ ሰዓትም ሆነ የዕረፍት ቀን በአብዛኛው በአሠሪዋ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ይህ ሥራ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ጋርም ይያያዛል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 8ኛ ክፍል ማጠናቀቅን በቅድመ ሁኔታነት አስቀምጦ ነበር፤ ትምህርቷን ያቋረጠች የገጠር ልጅ ይህን ልታሟላ አትችልም። ለአንዳንዶች አዲስ አበባ ሙያና ገንዘብ የሚያዝባት መሸጋገሪያ ስትሆን፣ ከወሎ፣ ከጅማና ከአርሲ ገጠሮች ግን ከመንደር በቀጥታ የተነሡም ብዙ ናቸው። ከኅዳር እስከ መጋቢት 2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ወደ 160 ሺህ የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ፣ ለብዙዎቹ የተነሡበት መንደር መሬትም ሥራም አልነበረውም።

ፋብሪካው ሌላ አማራጭ ሆኖ መጣ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በብዛት ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶችን ቀጠረ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት መነሻ ደመወዙ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር እንደነበረና ሠራተኞች በብዛት ሥራ እንደሚለቁ ገልጿል። ለአራት ሆነው አንድ ክፍል እየተከራዩ ከዚህ ደመወዝ ወደ ቤት መላክ እንደማይቻል ማስላት አያስቸግርም። ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ምርት የማስገባት ዕድሏን ስታጣ የፓርኩ ሥራ ይበልጥ ተዳከመ።

በከተማው መኖሪያ ማግኘትም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ ያላመጣ ሰው የነዋሪነት መታወቂያ አያገኝም፤ መታወቂያ የሌለው ደግሞ በመንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ሊመዘገብ አይችልም። ስለዚህ አዲስ መጤው ደባል ሆኖ ይገባል፣ ወይም በከተማው ዳርቻ ሕጋዊ ባልሆነ ይዞታ ላይ በአንድ ሌሊት የሚቆመውን ጨረቃ ቤት ይከራያል። ቁርጥ ያለ አድራሻ የሌለው ሰው ዕድር ለመግባትም ይቸገራል፤ ሞት ቢመጣ ድንኳን የሚተክልለት፣ አስከሬኑን ወደ አገሩ የሚያደርስለት የአገሩ ልጅ ብቻ ነው።

ሳይፈልሱ ከተሜ የሆኑም አሉ። አዲስ አበባ ወደ ዳርቻዋ ስትሰፋ ጤፍና ስንዴ የሚያበቅሉ የኦሮሚያ ገበሬዎች መሬታቸውን ለቀዋል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ካሣውን የተነሺው አማካይ ዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ አድርጎ የወሰነ ሲሆን፣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አድርጎታል። ካሣው በአንድ ጊዜ ይከፈላል፤ በእርሻ ያደገ ሰው ግን በአንድ ጊዜ ነጋዴ አይሆንም። ገንዘቡ በቤት ሥራና በድግስ ሲያልቅ፣ አባት በቀድሞ ማሳው ላይ በተገነባው ግቢ ዘበኛ ሆኖ ይቀጠራል፤ ልጁም እዚያው የቀን ሠራተኛ ይሆናል።